ጧሪ የሌለው ጡረታ

አማርኛ ለእርጅና ካበጃቸው ቃላት ሁሉ «ጡረታ»ን ያህል ሙቀት ያለው የለም። ቃሉ የተወለደው «መጦር» ከሚባለው የልጅ ግዴታ ነው። መጦር ማለት ጉልበቱ የደከመን ወላጅ መግቦ፣ አልብሶ፣ በክብር ቦታ አስቀምጦ እስከ ዕለተ ሞቱ መያዝ ማለት ነው። ሽማግሌዎች «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብለው ሲመርቁ ሁለት ሥራዎችን በአንድ ትንፋሽ ይጠራሉ፤ አንደኛው ሰው በሕይወት ሳለ የሚደረግለት፣ ሁለተኛው ዐይኑን ከጨፈነ በኋላ የሚደረግለት። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በ1955 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞችን የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209ን ሲያውጅ ለወርኃዊው ክፍያ አዲስ ስም አልፈለገም፤ ልጅ ለወላጁ የሚፈጽመውን ተግባር ስም ተውሶ የመዝገብ ስም አደረገው።

በካርቱም ዐረብኛ ለዚሁ ነገር ሌላ ቃል አለ። «መዓሽ» ይባላል፤ ሥሩ መኖር፣ ኑሮ ማለት ነው። በጽሑፍ ዐረብኛ ደግሞ «ተቃዑድ» ይሉታል፤ ይኸኛው «መቀመጥ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ሱዳናዊው የሥራ ዘመኑን ስለ ጨረሰ ሰው ሲናገር «ነዘል አል-መዓሽ»፣ ማለትም ወደ መዓሽ ወረደ፣ ይላል። ኢትዮጵያዊው «ጡረታ ወጣ» ይላል። አንደኛው ይወርዳል፤ ሌላው ይወጣል። ወዴት እንደሚወርድና ወዴት እንደሚወጣ ግን ሁለቱም ቋንቋዎች ዝም ይላሉ። ሄዶ ሄዶ የሚያርፈው ከቤት ነው። ለመሆኑ ያ ቤት እንዴት ይቀበለዋል? ክርክሩ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

በእነዚህ ሁለት ቋንቋዎች መካከል ዕድሜያቸውን ያሳለፉ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። በካርቱም፣ በባሕሪና በኦምዱርማን ሃያና ሠላሳ ዓመት ሠርተው የጉልበታቸው ዘመን ሲያልቅ ወይ ወደ ትውልድ ቀያቸው የተመለሱ፣ ወይ እዚያው ካደጉ ልጆቻቸው ጋር ተጠግተው የሚኖሩ ናቸው። በካርቱም መዝገብ መዓሽ የላቸውም፤ በአዲስ አበባ መዝገብ ጡረታ የላቸውም። ያላቸው ቤተሰብ ብቻ ነው። ነገሩ ሳይሸፋፈን ይነገር ከተባለ፣ ያ ቤተሰብ የለመደው ገንዘባቸውን መቀበል ነውና እነሱን ለመቀበል አልተዘጋጀም። እነዚህ ሰዎች ሲመለሱ የሚሰጣቸው ምግብና መኝታ እንደ ምጽዋት ይቆጠራል፤ እነሱም እንደ ምጽዋት ተቀብለው አንገታቸውን ይደፋሉ። ይህ ስሕተት ነው። መጦር ለእነሱ የሠሩበት ዋጋ፣ ቤተሰቡ ያለበት ዕዳ ነው።

ሙያና ገረድነት

«ለመሆኑ ምን ሥራ ነበራትና ነው ጡረታ የምትወጣው?» የሚል ጥያቄ አለ። አፍ አውጥቶ የሚጠይቀው ጥቂት ቢሆን በልቡ የያዘው ብዙ ነው። በዚህ አስተሳሰብ ጡረታ የሚወጡት መምህሩ፣ የባንክ ሠራተኛውና መኮንኑ ናቸው፤ በካርቱም በሰው ቤት ስታበስል፣ ስታጥብና ሕፃን ስታሳድግ የኖረች ሴት ግን «እንዲሁ ተመለሰች» ትባላለች እንጂ የሥራ ዘመኗን ፈጸመች አትባልም።

እስቲ ሥራው ይመዘን። በዛፍ ጥላ ሥር ሻይ የምታፈላው፣ በካርቱም አጠራር «ሲት አሻይ»፣ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ከሰል ታቀጣጥላለች፣ ውሃ ታስቀዳለች፣ በርጩማዎቿን ትደረድራለች። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣባት ከተማ ቀኑን ሙሉ ከእሳት አጠገብ ትውላለች። ዝንጅብል የገባበትን ቡና ጠጥቶ የሄደውን ደንበኛ ሌላው ይተካዋል፤ እሷ ግን ከቦታዋ አትነሣም። በዚህ ላይ «ከሻ» አለ። አፈሳው ድንገት ደርሶ ማንቆርቆሪያዋንና በርጩማዋን ጭኖ ይሄዳል፤ የተረፈውን ለማስመለስ ቅጣት ትከፍላለች፣ በማግሥቱም እንደገና ከሰል ታቀጣጥላለች። በሰው ቤት የምታድረው ሠራተኛ ደግሞ የሥራ ሰዓቷ መጀመሪያና መጨረሻ የለውም። በረመዳን ለሱሑር ሌሊት ትነሣለች፤ ለኢፍጣር ከቀትር ጀምራ ትቆማለች። ከገዳሪፍ ካርቱም የጭነት መኪና የነዳው፣ በጋራዥ ከብረት ጋር ሲታገል የኖረው፣ በዴም ሰፈር ምግብ ቤት እንጀራ ስትጋግር ዐይኗ በጢስ የደከመው፣ ሁሉም የሚያርፉበት ቀን በሕግ ያልተጻፈላቸው ሠራተኞች ነበሩ።

ይህ ሥራ ክብር ያለው ሥራ መሆኑን ሱዳናውያን ራሳቸው አስመስክረዋል። ወይዘሮ ዐዋዲያ ማሕሙድ ኮኮ ሻይ ሻጭ ነበሩ። በካርቱም ሻይና ምግብ የሚሸጡ ሴቶችን በኅብረት ሥራ ማኅበር አደራጅተው፣ ዕቃቸው ሲነጠቅና እነሱም ሲታሰሩ ሲሟገቱላቸው ኖረው፣ በ2008 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ከልዩ ልዩ አገሮች ለተመረጡ ደፋር ሴቶች የሚሰጠውን ሽልማት ተቀብለዋል። በእሳሳቸው አጠገብ እሳት ያነደዱት ኢትዮጵያውያት የሠሩት ያንኑ ሥራ ነው።

አማርኛም በዚህ ረገድ ፍርደ ገምድል ሆኖ ይገኛል። ሴት በራሷ ማጀት ወጥ ብትሠራ «ባለሙያ» ትባላለች፤ ያንኑ ወጥ በሰው ማጀት በደመወዝ ብትሠራ «ገረድ» ትባላለች። እጇም ቅመሙም ያው ነው፤ የተለየው የድስቱ ባለቤት ብቻ ነው። ሕጉ ከቋንቋው ብዙ አይሻልም። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ባልሆነ የግል አገልግሎት የተቀጠረን ሰው ከአዋጁ ተፈጻሚነት ውጪ አድርጎታል። እንግዲህ በአገሯ ሕግ እንደ ሠራተኛ ያልተቆጠረችውን ሴት የባዕድ አገር ሕግ ይቆጥርላታል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ነገር ግን ሕግ ሳይቆጥረው የቀረውን ሥራ የበላው ቤተሰብ አልቆጥረውም ሊል አይገባውም። ጣሪያው ቆርቆሮ የለበሰው፣ ታናሹ የተማረው፣ እናት የታከመችው በዚያ ሥራ ነውና።

የስልክ ድምፅ ሰው ሲሆን

የቤተሰብ በደል ሁልጊዜ ከክፋት አይጀምርም። ሃያ ዓመት በካርቱም የኖረች እኅት ለወገኖቿ የስልክ ድምፅ ናት። ድምፁ የሚመጣው በዓል ሲቃረብ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ሰው ሲታመም ነው፤ ከድምፁ በኋላ ገንዘብ ይከተላል። ድምፅ አልጋ አይጠይቅም፤ አይታመምም፤ ስለ ወጡ ጨው አስተያየት አይሰጥም። የድምፁ ባለቤት ሻንጣዋን ይዛ ደጃፍ ላይ ስትቆም ግን ቤቱ ሳያስበው ሌላ ሰው ይጨመርበታል። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። ዘመድ እንግዳ ሆኖ ሲመጣም ያው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በግ ይታረዳል፣ ጎረቤት ይጠራል። ወር ሲሞላ «ይህች ክፍል እኮ የልጆቹ ማጥኛ ነበረች» የሚል ወሬ ይሰማል። ሦስት ወር ሲሆነው አንዱ፣ ምናልባትም ከሁሉ ይልቅ የተረዳው፣ «መቼ ትመለሻለሽ?» ብሎ ይጠይቃል።

በዚህ ጥያቄ ውስጥ ፍርድ አለ። «ቦታሽ እዚያ ነው» ማለት ነው። ጎረቤትም «ሱዳኗ» እያለ ፍርዱን ያጸናል። በካርቱም «ሐበሻ» ተብላ የኖረች ሴት በተወለደችበት ሰፈር «ሱዳኗ» ስትባል፣ ሁለቱም አገሮች የሌላው አድርገው ሲያስረክቧት ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው የቤቱ ጉዳይ ነው። ገንዘቡ እንዴት ይላክ እንደነበር የሚያውቅ የጠቡን ሥር ያውቃል። አሜሪካ በሱዳን ላይ ከ1990 እስከ 2010 ዓ.ም. የጣለችው የኢኮኖሚ ማዕቀብ የሱዳንን ባንኮች ከዓለም ባንኮች ጋር እንዳይገናኙ አድርጎ ኖሯል። ስለዚህ የካርቱም ደመወዝ ወደ ኢትዮጵያ የሚሄደው በነጋዴ እጅ፣ በሐዋላ፣ በሚመለስ ዘመድ ቦርሳ ነበር። ወረቀት የለውም፤ ያለው ቃልና መተማመን ብቻ ነው። በአገር ቤት መታወቂያ የሌላት ሴት ቦታ በስሟ ለመግዛት ስለሚያስቸግራት ቦታው በወንድም ስም ይገዛል፤ ቤቱ በወንድም ስም ይሠራል፤ ወንድም ያገባል፤ ሚስት ትገባለች፤ ልጆች ይወለዳሉ። ከሃያ ዓመት በኋላ ባለቤቲቱ ስትመጣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ይደርስባታል። ሽማግሌ ቢቀመጥ ማስረጃ የላትም። ፍርድ ቤት ብትሄድ ወንድሟን ከሰሰች ትባላለች። ብዙዎቹ ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸውም እንደ ስምምነት ይቆጠራል።

በዚህ ጊዜ ቤተሰቡም የራሱ ክስ እንዳለው ሊካድ አይገባም። «ገንዘብ ላክሽ እንጂ ልጅ አላሳደግሽም» የሚለው ክስ እውነት አለበት። ልጁን ያሳደጉት አያቱ ናቸው፤ ሌሊት ትኩሳቱን የጠበቁ፣ ትምህርት ቤት የሸኙት፣ ሲያጠፋ የቀጡት እሳቸው ናቸው። ልጁም «እማዬ» የሚለው እሳቸውን ነው፤ የወለደችውን «እትዬ» ብሎ ይጠራታል። የአያቲቱ ሥራ ደመወዝ አልነበረውም፤ ጡረታም የለውም። እንግዲህ ሁለት ያልተከፈሉ ሴቶች በአንድ ቤት ውስጥ አንድን ልጅ መካከል አድርገው ይፋጠጣሉ። ለዚህ የሚበጀው የአንዷን ድካም በሌላዋ ድካም መሰረዝ ሳይሆን ሁለቱንም ሒሳቦች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ነው። አያቲቱ አሳደጉ፤ እናቲቱ አኖረች። ልጁ የሁለቱም ባለዕዳ ነው። ይህን ለልጁ ሊነግረው የሚገባው የቤቱ ትልቅ ሰው ነው፤ እናቲቱ ራሷ ብትናገረው ልመና ይመስልባታል።

አዛዥነትን ማውረድ

ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዳያዘነብል፣ ጡረተኛውም የሚጠየቅበት ነገር አለ። ገንዘብ የሚልክ ሰው ሳያውቀው አዛዥ ይሆናል። የእኅቱን ጋብቻ፣ የወንድሙን ትምህርት፣ የግድግዳውን ቀለም ሳይቀር በስልክ ይወስናል። በቤት ያሉትም ገንዘቡ እንዳይቀርባቸው «እሺ» ይሉታል። ሲመለስ ያ «እሺ» ከእውነት የመጣ ይመስለዋል። ያን ጊዜ የቤቱን ሰዓት፣ የልጆቹን ጨዋታ፣ የሚስቱን የገበያ ወጪ ሊቈጣጠር ይነሣል። ሃያ ዓመት ቤቱን ብቻዋን የመራች ሚስት በማጀቷ ውስጥ አለቃ ይሾምባታል። የባል ጡረታ ለሚስት ብዙ ጊዜ የሥራ ጭማሪ ነው፤ ቀድሞ ማታ ብቻ የምታቀርበውን አሁን በቀን ሦስት ጊዜ ታቀርባለች። እሷን ከማጀት ጡረታ የሚያወጣት አዋጅ ደግሞ እስከ ዛሬ አልወጣም።

ሴቲቱ ስትመለስ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ዕድሜ ልኳን ለሌላ ሰው ስትነሣና ስትቀመጥ የኖረች ስለሆነች ተቀምጣ ማረፍ ይከብዳታል። ማንም ሳያዝዛት ሌሊት ትነሣለች፤ የእንግዳ ሳህን ከእጅ ነጥቃ ታጥባለች። ቤተሰቡም ይህን አይቶ ደስ ይለዋል፤ ሳይታወቅ የካርቱም ሥራዋን በራሷ ቤት ያለ ደመወዝ ትቀጥላለች። በዚህ ዐይነት የተመለሰች ሴት አሠሪ ለወጠች እንጂ ጡረታ አልወጣችም።

ከለመዱት ሥራ መለየት ለታላላቆቹም ቀላል እንዳልሆነ ዓለም ያየው ምሳሌ አለ። አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጥቅምት 28 ቀን 2003 ዓ.ም. በኒውዮርክ ማራቶን ጉልበቱን አሞት ካቋረጠ በኋላ ሩጫ ማቆሙን ለጋዜጠኞች ተናገረ፤ ጥቂት ቀናት ሳይቆይ ግን ሐሳቡን ለውጦ እንደሚመለስ አስታወቀ። ከውድድር ለመጨረሻ ጊዜ የተሰናበተው በ2007 ዓ.ም. ነው። ገንዘብም፣ ዝናም፣ የሚመራው ድርጅትም የነበረው ሰው ይህን ያህል ከተቸገረ፣ ከሥራዋ በቀር ማንነቷን የሚነግራት ነገር የሌላት ሴት በአንድ ጀምበር «ዐረፍኩ» እንድትል መጠበቅ ጭካኔ ነው። ጊዜ ያስፈልጋታል። ጊዜ የሚሰጣት ቤተሰቧ ነው፤ ጊዜውን ላለቃነት ወይም ለአገልጋይነት እንዳታውለው መጠንቀቅ ግን የራሷ ፈንታ ነው።

ቀን ያልተቆረጠለት ጡረታ

ካርቱም ሰዎች ካልጠበቁት ሰዓት ከሥራ ወደ ቤት ሲጣሉ ያየች ከተማ ናት። ሰኔ 23 ቀን 1981 ዓ.ም. ሥልጣን የያዘው የዑመር አል-በሺር መንግሥት መኮንኖችን፣ ዳኞችን፣ ሐኪሞችን፣ መሐንዲሶችንና የምድር ባቡር ሠራተኞችን «አሷሊሕ አልዓም»፣ ለጠቅላላው ጥቅም፣ በሚል ምክንያት በገፍ አሰናበተ። ትናንት መሥሪያ ቤት ይመራ የነበረ ሰው ጸጉሩ ሳይሸብት በማግሥቱ የቤት ሰው ሆነ። ሱዳናውያን ስለዚያ ዘመን ሲያወጉ የፖለቲካውን ያህል የቤቱን ነገር ያነሣሉ፤ አባት በቀን ብርሃን ሳሎን ተቀምጦ መገኘቱ ለልጆች ምን ያህል እንግዳ እንደ ነበር።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ የኢትዮጵያም ተራ ደረሰ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ በኤርትራ የነበረው ሠራዊት በአሥር ሺሕ እየተቆጠረ በእግሩ ወደ ከሰላ ተሻገረ፤ በአገር ውስጥ የቀረውም በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ወታደር ተበትኖ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በከሰላና በካርቱም ከቀሩት መካከል የጦር ሜዳ ሙያውን ትቶ ሹፌር፣ ዘበኛ፣ አናጢ የሆነው ብዙ ነው። የእነዚያ ወታደሮች ቤተሰቦች ታሪክ እስከ ዛሬ በሚገባ አልተጻፈም። የተጻፈው የጦርነቱ ታሪክ ነው፤ ወታደሩ ቤት ገብቶ ከሚስቱ ፊት የተቀመጠበት የመጀመሪያው ዓመት ታሪክ ግን በየቤቱ ተቀብሮ ቀርቷል።

ሦስተኛው መጣ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በቅዳም ሥዑር፣ የካርቱም ኢትዮጵያውያን ለፋሲካ ዶሮ በሚያዘጋጁበት፣ ሙስሊሙም የረመዳንን የመጨረሻ ሳምንት በሚጾምበት ዕለት፣ በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ውጊያ ተከፈተ። ሃያ ዓመት የተሠራበት የሻይ ቦታ፣ ምግብ ቤት፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ በሰው እጅ የተቀመጠ ዕቁብ ሁሉ በሰዓታት ውስጥ ትዝታ ሆነ። ከተረፉት ብዙዎቹ በጋላባት በኩል መተማ ገቡ። ከተሻገሩም በኋላ ዕረፍት አላገኙም፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 28 ቀን በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ብዙዎቹ ሊመለሱበት ያሰቡት መንደር ራሱ የውጊያ መንደር ሆነ።

ይህ ቀን ያልተቆረጠለት ጡረታ የቤተሰብን እውነተኛ መልክ አሳየ። ከመተማ ባዶ እጇን የደረሰችውን እኅቱን ራሱ ሄዶ ያመጣ፣ አልጋውን ለቆ መሬት የተኛ ወንድም አለ፤ ይህ ሳይነገር ቢቀር ግፍ ይሆናል። ስልኩን የዘጋም አለ። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጦሩ ካርቱምን መልሶ ከያዘ ወዲህ ወደ ፈረሰችው ከተማ ለመመለስ ከተነሡት መካከል ናፍቆት የሚወስዳቸው ይኖራሉ፤ ነገር ግን በወንድም ቤት እንደ ትርፍ ሰው መታየት የሚያባርራቸውም አሉ። ስድሳ ዓመት የቀረባት ሴት ቤቷ ካለበት አገር ሸሽታ ጦርነት ወዳዳቀቃት ከተማ ከሰል ልታቀጣጥል ስትሄድ፣ ያ መንገድ የቤተሰብ ውድቀት መንገድ ነው።

ቀባሪ አለ፣ ጧሪ የለም

ከቤተሰብ ቀጥሎ የሚጠየቀው ማኅበረሰቡ ነው። ኢትዮጵያዊ በደረሰበት ሁሉ እድር ያቋቁማል። እድር ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ደንብ አለው፣ ያልቀበረውን ይቀጣል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የተመለሰችው ሴት ግን ልትመዘገብ ስትሄድ የመግቢያ ተብሎ የዓመታት ውዝፍ ትጠየቃለች። ብትከፍልም የሚደርስላት ስትሞት ነው። የምርቃቱ ሁለተኛ እግር፣ ቀባሪው፣ በእድር ቆሟል፤ የመጀመሪያው እግር፣ ጧሪው፣ በአየር ላይ ቀርቷል። ለሬሳ ሦስት ቀን የሚቀመጥ ሰፈር ለሕያው ሰው በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ መቀመጥ አያቅተውም። አንዳንድ እድሮች ለአባሎቻቸው የችግር ጊዜ ብድርና እርዳታ መስጠት ጀምረዋል፤ ከስደት ለተመለሱ አረጋውያን የመግቢያ ውዝፍን ማንሣት ከዚያ የቀለለ ውሳኔ ነው።

በካርቱም የቀሩትና የተመለሱትም መሣሪያው በእጃቸው ነው። ሱዳናውያን ሴቶች «ሰንዱቅ» የሚሉት የመዋጮ ሥርዓት ከዕቁብ ጋር አንድ ነው፤ ሁለቱም ገንዘብን አዙረው ለባለ ተራው ይሰጣሉ። ዕቁብ ለሠርግ፣ ለፍሪጅ፣ ለወርቅ ሲጣል ኖሯል። ከየዕጣው ጥቂት ለእርጅና የሚቀመጥበት ደንብ ቢጨመርበት፣ በአባሏ በራሷ ስም በባንክ የሚገባ ቢሆን፣ ስትመለስ የሚጠብቃት ነገር ይኖራል። ለቤትና ለቦታም ውክልና የሚባል ወረቀት አለ። ወንድምን መውደድና ከወንድም ላይ ፊርማ መቀበል አይጣረሱም፤ እንዲያውም ፍቅሩን ከጠብ የሚጠብቀው ፊርማው ነው።

መንግሥት በበኩሉ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ሰበብ የለውም። በዚያ ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ጡረታን ከመንግሥት ሠራተኛ አልፎ ለግል ድርጅት ሠራተኞች አዳረሰ። ሠራተኛው በመጨረሻ ከደመወዙ 7 ከመቶ፣ አሠሪው 11 ከመቶ እንዲያዋጡ፣ ዐሥር ዓመት ያገለገለ ሰው 60 ዓመት ሲሞላው እንዲጦር ደነገገ። ዐሥር ዓመት! በካርቱም ሠላሳ ዓመት የሠራችው ሴት የዚህን ሦስት እጥፍ አገልግላለች፤ አሠሪዋ በሌላ አገር ያለ፣ ውሏም የቃል ስለሆነ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተቆጠረላትም። ይህ ተአምር የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ዜጎቿን በብዛት ለሥራ ወደ ውጭ የምትልከው ፊሊፒንስ በ2018 እ.ኤ.አ. ስም በሚጠራው የማኅበራዊ ዋስትና ሕጓ በውጭ አገር የሚሠሩትን ዜጎች የዋስትናው አባል የመሆን ግዴታና መብት ሰጥታቸዋለች። ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. ከሳውዲ ዐረቢያ የተባረሩ ከ160 ሺሕ በላይ ዜጎቿን በጥቂት ወራት ስትቀበል በአውሮፕላን ጣቢያ መመዝገብና መቁጠር እንደምትችል አሳይታለች። ሲመለሱ የምትቆጥራቸውን ሲሠሩ ብትቆጥራቸው፣ የሚልኩት ገንዘብ ለአገር ምንዛሪ ሲሆን ጥቂቱ ለእርጅናቸው እንዲቀመጥ በር ብትከፍትላቸው፣ በስተርጅና የወንድማቸውን ፊት ከማየት ይድናሉ።

አንዳንዶች «ይህ ሁሉ የፈረንጅ አሠራር ነው፤ በሐበሻ ወግ ወላጅን የሚጦር ልጅ፣ እኅትን የሚጦር ወንድም ነው፤ መዝገብና ፊርማ ፍቅርን ያቀዘቅዛል» ይላሉ። ወጉ ያማረ ነው፤ ክርክሩ ግን ራሱን ያፈርሳል። ወጉ የተሠራው ልጅ በወላጁ ዐይን ሥር፣ በአንድ መሬት፣ በአንድ ጎተራ ለሚኖርበት ዘመን ነው። እናት በካርቱም፣ ልጅ በጎንደር፣ አያት በመንደር፣ ታናሽ በሪያድ በሚኖርበት ዘመን ወጉን ማዳን የሚሻ ሰው ደንብ ሊሠራለት ይገባል። ደግሞም «ወጋችን ይበቃናል» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ቤቱ በስሙ የተመዘገበለት ሰው ነው።

ስለዚህ ከካርቱም ሰው የሚጠብቅ፣ ወይም የመጣበት ቤተሰብ ሁሉ አሁኑኑ የሚያደርጋቸው ነገሮች አሉ። ክፍሉ ይለቀቅ፤ «የልጆቹ ማጥኛ» መባሉ ይቅር። የተላከው ገንዘብ የዋለበት በሰላም ቀን፣ ሽማግሌ ሳይጠራ፣ በቤተሰብ ፊት ይነገር፤ ቤቱ የማን እንደሆነ በወረቀት ይጻፍ። ልጁ ያኖረችውንም ያሳደጉትንም በየስማቸው አክብሮ ይጥራ። የመጣው ሰውም ትእዛዙን ከሻንጣው ጋር ያውርድ፤ ሴቲቱም የእንግዳ ሳህን እንድታጥብ አትጠበቅ። «መቼ ትመለሻለሽ?» የሚለው ጥያቄም ከየሳሎኑ ይውጣ። የሚመለስ ሰው አስቀድሞ ተመልሷል፤ ቤተሰብ ሊጠይቃት የሚገባው ምሳዋን ከማን ጋር መብላት እንደምትወድ ነው።